አቶ ድንበሩ የሻሩት ጨረታ

በሾላ ምንጭ ከተማ አንድ ሰው የገባውን ቃል ሊያጥፍ ሲያመነታ የታየ እንደ ሆነ፣ በአጠገቡ ያለ ሽማግሌ አንዲት አጭር ምሳሌ ይናገርበታል። እንግዳ ሰው ሲሰማት ከጥንት ከአባቶች የመጣች ይመስለዋል። አይደለችም። ምሳሌዋ ገና ልጅ ናት፤ የተወለደችበትን ቤትና ያዋለዷትን እናት የምናውቅ ሰዎች አለን። ምሳሌን ያለ ታሪኩ መናገር ፍሬውን ጥሎ ገለባውን መሸከም ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

አቶ ድንበሩ የከተማችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሙሽራውን ሱሪ፣ የካህኑን ቀሚስ፣ የተማሪውን ደንብ ልብስ አርባ ዓመት ሙሉ የሰፉት በአንዲት በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪና ነው። በመጨረሻ ግን ዐይናቸው ደከመ። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማሾለክ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አገሬን መጥራት ጀመሩ። አንድ ቀን የደንበኛቸውን ኮት እጅጌ ገልብጠው ሰፉና፣ ሰውየው ለብሶት አደባባይ ወጥቶ ሰው እስኪስቅበት ድረስ ሳያውቁት ቀሩ። በዚያው ዕለት መኪናዋን ለመሸጥ ቈረጡ። ውሳኔው መልካም ነበር፤ የተሳሳቱት በሌላ ነው።

በዚያው ሰሞን የሐምሌ ገብርኤል ንግሥ ውሎ ነበር። እንደ ልማዱም የስለት ዕቃ በቤተ ክርስቲያኑ ዐውደ ምሕረት ለጨረታ ቀረበ። ከዕቃዎቹ አንዱ፣ አቶ ድንበሩ ዘርፉን የሰፉለት ጃንጥላ ነው። አንዱ ዋጋ ጠራ፤ ሌላው ጨመረ፤ ያሸነፈው ሰው ጃንጥላውን መልሶ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠና ጨረታው እንደ ገና ተጀመረ። ሕዝቡ በእልልታ እየተሻማ፣ በመጨረሻ ጃንጥላው የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ በሚገዛ ዋጋ ተሸጠ። አቶ ድንበሩ ከሰው መካከል ቆመው ይህን ሲያዩ ልባቸው ሞቀ። ሕዝቡ ያን ዋጋ የሰጠው ለስለቱ ነበር፤ እሳቸው ግን ለዘርፉ መሰላቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ «አየሽ አይደለም አገሬ? ዘርፉ ይህን ካወጣ፣ ዘርፉን የሰፋችው መኪና ምን ልታወጣ ነው?» አሏቸው።

«ሰው ጃንጥላውን የገዛው መልአኩን ፈርቶ ነው፤ አንተን ማን ይፈራሃል?» አሉ ወይዘሮ አገሬ።

የከተማው ሰው ዕቃ የሚሻሻጥበት የቴሌግራም ቡድን ነበር። አቶ ድንበሩ ቃሉን እየነገሩ፣ ወይዘሮ አገሬ በስልካቸው ጻፉ፦ «በቅንነት ያገለገለች የስፌት መኪና ለጨረታ ቀርባለች። ጨረታው የፊታችን እሑድ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። ከሁሉ የሚበልጥ ዋጋ የጠራ ይወስዳታል። የጠራ አይመለስም።»

«መነሻ ዋጋ አንጽፍም?» አሉ ወይዘሮ አገሬ።

«መነሻ ዋጋ የሚጽፍ በሕዝቡ ያልተማመነ ሰው ነው።»

በመጀመሪያ ዋጋ የጠራችው ስንዱ ናት። ስንዱ ባሏ የሞተባት፣ ጠርዝ በእጇ እየሰፋች ሁለት ልጆች የምታሳድግ ወጣት ናት። አንድ ትምህርት ቤት የመስከረምን ደንብ ልብስ እንድትሰፋለት ተስማምቶ ነበር፤ ነገር ግን እስከ ነሐሴ መግቢያ መኪና ካላገኘች ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ያላትን ሁሉ አሟጣ ጠራች። ያላት ሁሉ ግን ጥቂት ነበር።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ ዝም አለ። አቶ ድንበሩ በየጥቂቱ ይጠይቃሉ።

«አሁንስ? የጨመረ አለ?»

«አንድ ሰው አውራ ጣቱን አሳይቷል።»

«አውራ ጣት ስንት ብር ነው?»

«ምንም ነው። ‹ደግ ነው› ማለቱ ነው።»

«ደግ ከሆነ አይጨምርም?»

እሑድ ማታ ጨረታው በስንዱ ዋጋ ተዘጋ። ዋጋው የጃንጥላውን ሲሶ እንኳ አይሞላም። አቶ ድንበሩ እራታቸውን ገፋ አደረጉት።

«አርባ ዓመት ያለበስሁት ሕዝብ ዋጋህ ይህ ነው አለኝ!»

«የመኪናዋን ዋጋ ነው የተናገረው። አንተን ማን ለጨረታ አቀረበህ?»

«ተሰብራለች ብለሽ ጻፊ።»

«ምኗ ተሰብሮ?»

«ጻፊ ብዬሻለሁ፣ አገሬ!»

«ዐይኔ እንጂ እጄ ለአንተ አልተሰጠም። ሐሰት ከሆነ ራስህ ጻፈው» ብለው ስልኩን ከፊታቸው አኖሩላቸው። አቶ ድንበሩም ስልኩን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ አንዱን ፊደል ሲነኩ ሌላው እየወጣባቸው፣ በብዙ ድካም፣ «መኪናዋ ተሰብራለች፤ ጨረታው ተሰርዟል» ብለው ጻፉ። በእውነት ሲሠራ የደከመ ዐይን ለሐሰት ሲደክም ማየት የሚያሳዝን ነገር ነው።

የሾላ ምንጭ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ዜና ሰምቶ ቤቱ የሚቀመጥ ሕዝብ አይደለም። መኪናዋ ለአቶ ድንበሩ ምን እንደ ነበረች ያውቃል። በማግሥቱ ጠዋት በዝናቡ ውስጥ፣ አንዷ ቆሎ፣ ሌላዋ አነባበሮ፣ ሌላው ጠላ ይዞ ሊያጽናናቸው መጣ። እንደ ለቅሶ ቤት በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው ተቀመጡ። መኪናዋ በነጠላ ተሸፍና በማዕዘኑ ቆማለች።

«እንዴት ሆና ተሰበረች?» አለ የእንጨት ነጋዴው አቶ ይመኑ።

«እንዲያው... በድንገት።»

«ምኗ ነው የተጎዳው?»

«ውስጧ» አሉ አቶ ድንበሩ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

«አይዞዎት፣ አብሮ ያረጀ ዕቃ ሲለይ ይከብዳል» አለች አንዲት ጎረቤት ዐይኗን እየጠረገች። ወይዘሮ አገሬ ሣቅ እንዳያመልጣቸው ወደ ጓዳ ገቡ።

ለመኪናዋ ቀርበው የተቀመጡት እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ነበሩ። እማሆይ ስልክ የላቸውም፤ ወሬ ግን ከስልክ ቀድሞ ይደርሳቸዋል። መቊጠሪያቸውን ይቈጥራሉ።

በዚህ ጊዜ ስንዱ ገባች። ከደጅ ባለጋሪ አቁማ ነው የመጣችው። ዝናቡ አበስብሷታል። ጎንበስ ብላ ሁሉንም እጅ ነሣችና ከአቶ ድንበሩ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ የመኪናዋን ነገር ሰምቼ በጣም አዘንሁ።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል ልጄ። ገንዘብሽን ይዘሽ ሌላ ፈልጊ።»

«የለም ጋሼ። የጠራ አይመለስም ብለው ጽፈዋል፤ እኔም ጠርቻለሁ። ከነስብራቷ እወስዳታለሁ» አለችና በመሐረብ የተቋጠረውን ገንዘብ በጠረጴዛው ላይ አኖረች። «የሚጠግን ሰው እፈልጋለሁ። ለመስከረሙ ሥራ ባትደርስልኝ እንኳ ለከርሞ ትደርሳለች።»

«ለተሰበረ ዕቃ ሙሉ ዋጋ?» አሉ አቶ ድንበሩ።

«ቃሌን የሰጠሁት ሙሉ አድርጌ ነው።»

ያን ጊዜ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ እግራቸውን በነጠላው ሥር ሰደድ አደረጉና መርገጫውን ረገጡት። መኪናዋም እንደ ወትሮዋ እየተርገበገበች ሮጠች። የተደረደረው ለቀስተኛ ሁሉ ዘወር አለ። እማሆይ እግራቸውን አላነሡም።

«አንተ ድንበሩ፣ ከነስብራቷ እንዲህ የምትሮጥ ከሆነች፣ ድና የተነሣች ዕለት ማን ይደርስባታል?»

አቶ ድንበሩ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «አልተሰበረችም፣ እማሆይ። አፈርሁ። ይህን ሁሉ ዘመን አገልግዬ፣ አንድ ሰው እንኳ አንዲት ብር ሊጨምርልኝ አለመውደዱ አንገበገበኝ።»

«ለምን እንዳልጨመሩ ጠየቅሃቸው?»

መልሱን የሰጠው አቶ ይመኑ ነው። «ጋሼ፣ እኔ ለሚስቴ ልገዛት አስቤ ነበር፤ ዋጋውንም ጽፌ ጨርሻለሁ። የስንዱን ስም ሳይ ግን አጠፋሁት። ከልጆቿ አፍ ብነጥቃት እርስዎ ራስዎ ይታዘቡኝ ነበር።»

«እኔም ስለዚሁ ነው አውራ ጣቴን ያሳየሁት» አለ ሌላው።

«የጋሼን መኪና እንደ ጋሼ ያለች እጅ ትያዛት ተባብለን ነው» አለች ዐይኗን ትጠርግ የነበረችው ጎረቤት። «ሞታለች ብሎ አላስለቀሰኝም እንዴ ይኸ ሰውዬ!» ይህን ጊዜ ቤቱ በሣቅ ተናወጠ፤ ከጓዳም ሲታፈን የቆየው የወይዘሮ አገሬ ሣቅ ወጣ። በንግሡ ዕለት በፍቅር የጨመረ ሕዝብ፣ በእሑዱ ጨረታ በፍቅር ዝም ብሎ ኖሯል።

እማሆይ ግን አልሣቁም። «ዝም ያሉት በደግነት ሆነና ዳንህ። በንፍገት ቢሆንስ ኖሮ? ገዢውን የጠራ አይመለስም ስትል፣ ገበያውን የጠራኸው አንተ መመለሻ በር ለራስህ ትተህ ነበር? ዋጋ ማነሱ አላሳነሰህም። ይህቺ ልጅ በመሐረቧ ይዛው የመጣችውን ቃል አንተ መጣልህ ነው ያሳነሰህ።»

አቶ ድንበሩ ተነሡ። ነጠላውን ራሳቸው ገፈፉ፤ የመኪናዋን ራስ በእጅጌያቸው ጠረጉ። ክሩን አንሥተው ወደ መርፌው ቀዳዳ ቢሞክሩ ሳተባቸው፤ ደግመው ሞከሩ፣ ሳተ። ከዚያ ክሩን ለስንዱ አቀበሏት። እሷም በአንድ ጊዜ አሾለከችው። አቶ ድንበሩም የመርፌና የክር ቆርቆሯቸውን፣ ትልቁን መቀሳቸውንም ጨምረው በእቅፏ አኖሩላት።

«መርገጫዋ በክረምት ትንሽ ይከብዳል፤ ዘይት አትንፈጊያት። ደግሞ ሌሊት አታሠሪያት፤ ዐይንሽን ትበላዋለች» አሏት።

ባለጋሪውና አቶ ይመኑ መኪናዋን ተሸክመው ሲወጡ፣ አቶ ድንበሩ እስከ ደጃፉ ሸኟት። ተመልሰው ሲቀመጡ ስልኩ በጠረጴዛው ላይ ነበር። ትናንት የጻፉት ሐሰት አሁንም ለከተማው ሁሉ ይታያል።

«እማሆይ፣ ይህን ምን ብዬ ልሻረው? ምን ብዬ ልጻፍ?»

እማሆይ መቊጠሪያቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ ስልኩንም አንሥተው ለወይዘሮ አገሬ ሰጧቸው። «አንተ አትጻፍ፤ አገሬ ትጻፍ። ጻፊ ልጄ፦ ገበያ የጠራ፣ ዋጋ አይፍራ።»