የዝንጀሮ ውርርድ

ተረት ተረት! በረቱን ዝጉና ስሙኝ።

ፑል ሲጫወት ኳስ የማይስት ዝንጀሮ ነበር። ያኔ የዝንጀሮ መቀመጫ እንደ ዛሬው የተላጠ አልነበረም፤ ሐር የመሰለ ፀጉር ነበረው፤ አያ ዝንጀሮም ጠዋት ማታ ያበጥረዋል።

አንድ ቀን አብራው የምትጫወተውን ዔሊን፣ "እመት ዔሊ፣ በባዶ ሲጫወቱ እጅ ይተኛል። እጅ የሚሳለው ሲያስይዙ ነው" አላት።

"እኔ እንኳ የምጫወተው ኳሷ ስትገባ ደስ ስለሚለኝ ነው። ለመሆኑ ምን ልታስይዝ?"

"እኔ የመቀመጫዬን ፀጉር፣ አንቺ ቅርፊትሽን!"

ተጫወቱ፤ ለሁለቱም የመጨረሻዋ ጥቁር ኳስ ብቻ ቀረች፤ ተራው የአያ ዝንጀሮ ነው። ቀዳዳው አፍ ላይ ቆማለች፤ ሌላ ቀን ቢሆን ዓይኑን ጨፍኖ ያስገባታል። ዱላውን አነጣጥሮ ሊመታ ሲል ግን ነፋስ ቂጡን ነካ አደረገውና ፀጉሩ ትዝ አለው። በአንድ እጁ ቂጡን ሸፍኖ በሌላው መታ። ሳተ። ዔሊ እያዘገመች መጥታ ኳሷን አስገባች፤ ከዚያም ፀጉሩን አንድ በአንድ ነጨችው።

ዛሬም፣ "ውርርድ ጨዋታህን ጠቀመው ወይስ ጎዳው?" ብለው ሲጠይቁት፣ "ምን ጥያቄ አለው! እጄን ስሎልኛል!" ይላል። ይህን ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄደው ግን ፊቱን ወደ ጠያቂው እንዳዞረ፣ የኋልዮሽ ነው።