ሱሪውን ያላወለቀው ልብስ ሰፊ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እንግዳወርቅ ይባላል። ክርኑና ጉልበቱ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚያወጣ፣ የሚሰነጣጠቅ የቆዳ ሕመም ነበረበት። ሙያው ሰውን ማልበስ ነውና ራሱንም እስከ ጥፍሩ ሸፍኖ ኖረ። ሚስቱ እንኳ ሙሉውን አላየችም።

ልጁ ትርንጎ ታጨች። የቀለበቱ ዕለት እሷና እጮኛዋ ጉልበቱን ሊስሙ ዝቅ ሲሉ፣ እሱ ሆዬ ደንግጦ ጉልበቱን ሰበሰበ። ትርንጎ የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ ትዳሬን አልወደደውም። ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማ። እውነቱን ግን አልነገራትም።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ያኔም ጉልበቱ መሳሙ አይቀርምና ፈጥኖ ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሟ "ቅባት ብቻውን አይበቃም፤ በሳምንት ሦስት ቀን የብርሃን ሕክምና ይወስዳሉ" አለችው። መብራት የተደረደረበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ጥቂት ደቂቃ መቆም ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም። አንድም ቀን ሳያጓድል ተመላለሰ። በሁለት ወር ክርኑ ለሰለሰ። ጉልበቱ ግን እንዳለ ነው።

ሐኪሟ ግራ ገባት።

"አባባ፣ እዚያ ሲገቡ ሱሪዎን ያወልቃሉ?"

"እንዴት ተደርጎ? በር ላይ ያለችው ነርስ እኮ የልጄ እኩያ ናት። ሸሚዜን ያወለቅሁትም ስትለምነኝ ነው።"

"እንግዲያው መብራቱ ሁለት ወር ሲያክም የከረመው ሱሪዎን ነዋ" አለችው።

እንግዳወርቅ ሳቀ፤ ስቆም አፈረ። ከዚያ ወዲህ ሱሪውን እያወለቀ ገባ፤ ጉልበቱም ይሻለው ጀመር። ምን ያደርጋል፣ በግማሽ እንደዳነ ሠርጉ ደረሰ። በሠርጉ ጠዋት ትርንጎን ጓዳ ጠራትና ሱሪውን ከጉልበቱ በላይ ሰበሰበው።

"ልጄ፣ ያን ቀን የሸሸሁት አንቺን አይደለም። ይህን ነው።"

ትርንጎ ቅርፊቱን አየችው።

"አባዬ፣ ይህን ለመደበቅ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ያስለቀስከኝ?" አለችና ዝቅ ብላ ያልዳነውን ጉልበቱን ሳመችው። እሱም እያነባ መረቃት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ብርሃን ደግ ነው፤ ነገር ግን የማንንም ሱሪ በግድ አያወልቅም። የሚደርሰው ወዳሳየነው ቦታ ብቻ ነው። ሐኪምም፣ ወዳጅም፣ ልጅም እንደዚያው ናቸው። የእንግዳወርቅ ጉልበት ሙሉ በሙሉ የዳነው ከወር በኋላ ነው፤ የትርንጎ ልብ ግን በዚያው ጠዋት ዳነ።

እርስዎስ የትኛውን ሕመም ሸፍነው ነው ፈውስ የሚጠብቁት?