ትልቁን እየሸጠች ትንሹን የምታስቀር አህያ

አንድ ጊዜ፣ ወንዝ ዳር ባለ መስክ ላይ በግ የምታረባ አንዲት አህያ ነበረች። መስኩ የአያ አንበሶ ነው። አህያ ለሣሩ ዋጋ በየዓመቱ ለመስቀል አንድ የሰባ በግ ትገብርለታለች። በጉ አንበሳን ደስ ካሰኘው መስኩ የእሷ ሆኖ ይከርማል። ደስ ካላሰኘው ሌላ ይገባበታል።

አህያ ሥራ አትጠላም። ማልዳ ታሰማራለች፣ ጉረኖውን ትጠርጋለች፣ የታመመውን ለይታ ታስራለች። በጎቿ ግን ከዓመት ዓመት እያነሱ ሄዱ። ያነሰው ቁጥራቸው አይደለም፣ ቁመታቸው ነው። የዘንድሮው ግልገል ከአምናው ያንሳል፣ የአምናውም ከካቻምናው።

በመስቀል ዕለት አንበሳ የመጣለትን በግ በአንድ መዳፉ አንጠልጥሎ አየው።

«አንቺ አህያ፣ ይህ በግ ነው ወይስ ጥንቸል?»

የተሰበሰቡት አራዊት ሳቁ። አህያ አንገቷን ደፋች።

«ለከርሞም እንዲህ ያለውን ካመጣሽ መስኩን ለቀበሮ እሰጠዋለሁ። የእሷ በጎች ላት ከወንዝ ማዶ ድረስ ይታየኛል።»

እውነትም ቀበሮ በወንዙ ማዶ በግ ታረባ ነበር። እረኛዋ ጅብ ነው። ጅብን በግ ማስጠበቅ ለሰሚው ይገርማል፤ ቀበሮ ግን ጠዋት አፉን በጠፍር አስራ ታሰማራዋለች፣ ማታ ፈትታ አጥንት ትወረውርለታለች። ለበዓል ለበዓል ደግሞ አሞሌ ጨው ይዛ ወደ ገበያ ትወጣና ከአህያ ጠቦቶች መካከል ትልቁን መርጣ ትገዛለች። አህያም ትልቁን ትሸጣለች። «ትንሹ ይቆይና ይደግ» ትላለች። የሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

አንድ ቀን አህያ በጎቿን ልታጠጣ ወንዝ ወረደች። የቀበሮ በጎችም በማዶ እየጠጡ ነበር። በመካከላቸው ግንባራቸው ነጭ ቦቃ የሆነ ግልገሎች አየች። እንዲህ ያለ ቦቃ በእሷ ቤት እንጂ በሌላ ቤት አይወለድም።

«አያ ጅቦ፣ እነዚህ ቦቃዎች ከየት መጡ?» አለች።

«ከየት ይመጣሉ? ከእናታቸው ሆድ ነዋ!» አለ ጅብ በታሰረ አፉ እያጉተመተመ።

«አባታቸውስ?»

«አባታቸው ያንቺ ጠቦት ነው። ታርዶ የተበላ መስሎሽ ነበር? እመት ቀበሮ ካንቺ የገዛችውን አንዱንም አላረደችው። ከእናት በጎቿ ጋር ታውለዋለች። ‹አህያ አባቶቹን ትሸጥልኛለች፣ ኮሳሶቹን ለራሷ ዘር ታስቀራለች› እያለች ስትስቅ ጥርሷ አይከደንም። ለማንም እንዳትናገር ብላኛለች። አንቺም አትናገሪ!»

አህያ ውኃውን ሳትጠጣ ቆማ ቀረች። እስከዛሬ ያስቀረቻቸው ትንንሾች አላደጉም። ጎረመሱ፣ እንደ ራሳቸው ያለ ትንሽ ወለዱ፣ አለቀ።

ገና ሲደርስ ቀበሮ አህያ ቤት ድረስ መጣች።

«እንደምን ከረምሽ፣ እመት አህያ? ያንን ቦቃ ጠቦት ልወስድ ነው።»

«ቦቃው አይሸጥም።»

«ምነው እህቴ! ገበያ መሐል ይዘሽው ብታልፊ አገር ‹የማን በግ ነው?› ይል የለም እንዴ?»

የአህያ ጆሮዎች ቀጥ አሉ። ወዲያው ግን መልሳ ጣለቻቸው።

«ከፈለግሽ ኮሳሶቹን ውሰጂ» አለች።

«ኮሳሳ ምን ያደርግልኛል?»

«ለእኔስ ምን አደረገልኝ?»

«አህያና ንግድ! ጭነትሽን ብትሸከሚ ይሻልሽ ነበር» ብላ ቀበሮ ጅራቷን እየነሰነሰች ሄደች።

አህያ ቦቃውን ለእናት በጎቿ አውራ አድርጋ ለቀቀችው። ኮሳሶቹን ወንዶች ለብቻ ለየቻቸውና እጅ ያለውን ዝንጀሮ ለምና አስኮላሸቻቸው። ከዚያም ከጉረኖ ሳታወጣ የባቄላ ገለባና አተላ ትቀልባቸው ጀመር። በገበያ ቀን ስትቀር የሰፈሩ አራዊት ሳቁባት።

«ትልቁን ደብቃ ትንሹን የምትቀልብ ሞኝ አየን!» አለ ያው ዝንጀሮ።

አህያ አተላውን ጨመረችላቸው።

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲቃረብ የቦቃው ልጆች በመስኩ ላይ ይቦርቁ ነበር። ቀበሮ ከማዶ አይታ አንጀቷ አረረ። በመስቀል ዕለት ማለዳ ጅብን ጠርታ የአፉን ጠፍር ፈታችለት።

«ወንዙን ተሻገርና ያንን ቦቃ አውራ አንቀህ አምጣልኝ። እኔ ወደ አንበሳ ሄጄ መስኩን እጠይቃለሁ።»

«እሺ እመቤቴ!» አለ ጅብ፣ የተፈታ አፉን እየከፈተና እየዘጋ።

በአንበሳ ፊት ቀበሮ ቀድማ ተናገረች። «ጌታዬ፣ መስኩ ለእኔ ይገባል። በጎቼን አሁኑኑ ቢያስመጧቸው ያያሉ።»

«ይምጡ» አለ አንበሳ።

የመጣው ጅብ ብቻ ነበር። ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«በጎቹስ?» ብላ ጮኸች ቀበሮ።

«ቦቃውን ላመጣ ተነሳሁ፣ እመቤቴ። ግን አፌ ተፈትቷል፣ በጎችሽ ደግሞ አጠገቤ ናቸው። የቅርቡ እያለ ምን ወንዝ አሻገረኝ?»

አንበሳ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ አህያ አንድ ሙክት እየነዳች ገባች። ቁመቱ አጭር ነው፣ ላቱ ግን ከወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ መራመድ ከልክሎታል። ከኋላው ባለቦቃዎቹ ግልገሎች ተከትለው ገቡ።

«መስኩ ያንቺ ነው» አለ አንበሳ። «ግን ንገሪኝ፣ ያን ሁሉ ዓመት ትልቁን ስትሸጪ አይታይሽም ነበር?»

አህያ ወደ ቀበሮ ዘወር ብላ አየች። ቀበሮ አታልላኛለች ብትል ማንም ያምናታል።

«ይታየኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። የሚቀሩት ኮሳሶች መሆናቸውን በዓይኔ አይ ነበር። ግን ትልቁን ይዤ ገበያ ስገባ ሁሉም ዞሮ ‹የማን በግ ነው?› ይላል። ለአህያ እንዲህ የሚላት የለም፣ ጌታዬ። እኔ የምሸጠው ለጨው አልነበረም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለአንድ ቀን ሙገሳ ብሎ ምርጡን ዘር ከቤቱ የሚያወጣ ሁሉ ዕድሜ ልኩን ትራፊውን ሲያረባ እንደሚኖር ነው።