ድንጋይ የሚያሰጣው ሽኮኮ

ተረት ተረት፣ የሙቀት በረት!

ዝንጀሮና ሽኮኮ ገደል አፋፍ ላይ ቤት ሠርተው በጉርብትና ይኖሩ ነበር። ሽኮኮ የግድግዳውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ መርጎ፣ ጠዋት ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤ ሲመሽ ትኩስ ትኩሱን እያንከባለለ ወደ ቤቱ ያስገባል። እሳት ወዳዱ ዝንጀሮ ግን፣ «እህል ያጣ ድንጋይ ያሰጣል!» እያለ ይስቅበታል።

የኅዳር ውርጭ ሲበረታ ዝንጀሮ ማገዶ አለቀበት። በርጩማውን አነደደ፣ አልጋውን አስከተለ፣ በመጨረሻም በሩን ነቅሎ ማገደው። በሩ ነድዶ ሲያልቅ ነፋሱ ሳያንኳኳ ሰተት ብሎ ገባ።

ዝንጀሮ እየተንዘፈዘፈ ሽኮኮ ደጃፍ ቆመ። ከብርዱ ይልቅ ሐፍረቱ ባሰበት።

«አያ ሽኮኮ፣ ያሰጣኸው ደረቀ?» አለ አቀርቅሮ።

ሽኮኮ ትኩሱን ድንጋይ ወደ እሱ ገፋለት።

«ደርቋል፣ ግባ። በሩን ግን አደራ፣ ዝጋው።»