ያልተዘቀዘቀችው ነጠላ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ በአንዲት የወሎ ከተማ አዳራሽ ሰው በአንድ ዋንጫ ሊጣላ ደረሰ። ዋንጫው አንድ የታሪክ ፊልም በባሕር ማዶ የተሸለመው ነው። ታሪኩ የዚያችው ከተማ ስለሆነ የፊልሙ አዘጋጅ ናሆም ዋንጫውን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረና «ይገባዋል ለምትሉት ሰው ስጡት» አለ።

እትዬ ትርንጎ ከፊት ተቀምጠው የገዛ ወጣትነታቸውን በሸራው ላይ አዩ። በቀይ ሽብር የተገደለው ወንድማቸው ጥላዬ መንገድ ዳር ተጥሏል። የፊልሟ ትርንጎ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በወታደሮቹ ፊት ሙሾ አወረደች፦

«ወንድሜ ጥላዬ ወድቀህ እያየሁህ፣
በወታደር መሀል ቆሜ አነባሁልህ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እትዬ ትርንጎ ግን አንገታቸውን ደፉ፤ አፈሩ። የዚያን ቀን ወታደሮቹ «ታውቂዋለሽ?» ሲሏቸው «አላውቀውም» ብለው ነው ያለፉት። ምን ያድርጉ? እቤት እናትና ሁለት ታናናሾች አሉ፤ ያለቀሰ ቤተሰብ ደግሞ ሟቹን ተከትሎ ይገደላል። ሙሾውን የገጠሙት ወፍጮ ላይ ተደፍተው፣ በድንጋዩ ድምፅ ተከልለው ነው። ነጠላቸውን አንድ ቀን እንኳ ሳያዘቀዝቁ አርባ ዓመት አለፈ።

ከኋላ አቶ ይመር፣ የድሮ ጎረቤታቸው፣ ብድግ አሉ። «ይሄ ውሸት ነው። አጠገቧ ነበርኩ፤ ትርንጎ አላለቀሰችም።»

«እርስዎስ ምን አደረጉ?» አለች አንዲት ሴት።

«ዝም አልኩ» አሉና ተቀመጡ።

ከዚያማ ማን ማንን ይስማ! ግማሹ «ዋሽተው አስለቀሱን» አለ፤ ግማሹ «ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት እውነቱን ማን ነገረን?» አለ።

ናሆም ተነሣ። ሰባት ዓመት ደጅ ለደጅ እየዞረ፣ አፉን የዘጋውን ሁሉ ለምኖ ያናገረ እሱ ነው። እሱ ባይኖር የጥላዬን ስም አፈር በልቶት ነበር። «የሙሾውን ሁለተኛ ስንኝ የለወጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «እትዬ እውነቱን ነግረውኛል። ሰው እንዳይፈርድባቸው ብዬ ነው።»

የፊልሟ ትርንጎ፣ ተዋናይዋ ህሊና፣ ከተቀመጠችበት ተናገረች። ያን ለቅሶ በሚቀርጹበት ማለዳ የአባቷን መርዶ ሰምታለች። ብትሄድ ሥራው ሊቋረጥ ነው፤ ቀረች። አባቷ ያለ እሷ ተቀበሩ፣ ዘመድ እስከ ዛሬ ሰላም አይላትም። «በፊልሙ ያያችሁት እንባ የአባቴ ነው» አለች። «ለእሱ ሌላ አላለቀስኩም።»

ያን ጊዜ እትዬ ትርንጎ ቀስ ብለው ቆሙ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዘቀዘቁ። በሻከረ ድምፅ ያወረዱት የራሳቸውን ሙሾ ነው፦

«ወንድሜ ጥላዬ ወድቀህ እያየሁህ፣
እንደ ባዳ ሬሳ ዘልዬ አለፍኩህ።»

ያጨበጨበ የለም። አቶ ይመር ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ዋንጫውን ሊያነሣ የደፈረም አልተገኘም፤ ይኸው ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው፤ እኔ አቅቶኛል። ቤተሰቧን ለማትረፍ ወንድሟን የካደችው፣ ስሙን ለማትረፍ እውነቱን የለወጠው፣ ወይስ የአባቷን እንባ ለሰው ወንድም ያፈሰሰችው፦ ዋንጫው ለማን ይገባል?