የተሰፋው እጅጌ

አንድ ሸማኔ ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። ስትወለድ የግራ እጇ ከአንጓው በታች ጣት አልነበረውም። ጎረቤት አፉ ያመጣለትን ተናገረ፤ ገሚሱ እርግማን ነው አለ፣ ገሚሱ በእናቲቱ አመካኘ።

ሸማኔው ልጁን ከዓይኑ ብሌን አብልጦ ይወዳት ነበርና ሰው አፍ እንዳትገባ ሰጋ። ስለዚህ ቀሚሷን ራሱ እየሸመነ፣ የግራ ክንዷን አጥፎ እጅጌውን ከቀሚሱ ጎን ጋር ይሰፋው ጀመር። ቀሚሱ ባጠራት ቁጥር አዲስ ሸምኖ እንደገና ይሰፋል። እሷም ለመደችው።

ዐሥር ዓመት ሲሞላት እናቷ ፈትል ልታስተምራት እንዝርት አመጣችላት።

"እማዬ፣ ባዘቶውን በቀኜ ልያዝና እንዝርቱን ጭኔ ላይ በግራ ክንዴ ላሹረው" አለች ትርንጎ።

እናት ደስ ብሏት ስፌቱን ተረተረችው። ክንዱ ግን እስከ ትከሻ መንምኖ ነበር፤ ክርኗም አልዘረጋ አለ። ሸማኔው ሕመሙ ወደ ላይ የወጣ መስሎት ልጁን ይዞ ወደ አንድ አዛውንት ሐኪም ገሠገሠ።

ሐኪሙ ክንዷን አገላብጠው አዩ።

"ጣቶቿ በማኅፀን ሳያድጉ ቀርተዋል" አሉት። "እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል። የእርስዎም የእናቷም ጥፋት አይደለም።"

"ክንዷስ ዶክተር?"

"ክንዷማ ደህና ነበር። ለስንት ዓመት አሰሩት?"

ሸማኔው "እንዳይስቁባት ብዬ ነው" አለ።

"ይገባኛል። ግን ያልሠራ ጡንቻ ይመነምናል። ዛሬ ብንጀምር ከፊሉ ይመለሳል፤ ሁሉም ግን አይመለስም።"

ሸማኔው እዚያው ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ክንዷን በቅባት እያሸ ይዘረጋላታል። ያማታል፤ ጥርሷን ነክሳ ትችለዋለች። አንድ ጠዋት ቀና ብላ አየችው።

"አባዬ፣ እጄ ስለሚያስጠላ ነው የሰፋኸው?"

"አይደለም ልጄ" አላት። "እኔ ፈርቼ ነው።"

ወገኖቼ፣ ሳይፈጠር በቀረው ነገር ማንም አይወቀስም። በደህና የተፈጠረውን ግን ስናፍር ደብቀን እናመነምነዋለን፤ ይህ የኛው ሥራ ነው። እንወዳቸዋለን እያልን በየጓዳው የዘጋንባቸው ልጆች ስንት ናቸው? አንድ ቀን ለምን ብለው ሲጠይቁን ያ ሸማኔ የመለሰውን ለመመለስ ድፍረቱ ይኖረን ይሆን?