በቀቀኑ ያገኘላት ልጅ

ተረቴ መጣች፤ ቦታ ልቀቁላት።

አንዲት ሚዳቋ ለግጦሽ ስትወጣ ግልገሏን ሣር ውስጥ ደብቃ፣ «ድምፄን እስክትሰማ ንቅንቅ እንዳትል» ብላው ሄደች። ብርቱ ዝናብ ጣለና ሣሩን ሁሉ አጋደመው። ስትመለስ የደበቀችበት ቦታ ጠፋባት።

ሣሩ ዳር ካለ ዛፍ ላይ አንድ በቀቀን ነበር፤ የሰማውን ድምፅ ሁሉ የሚያስመስል፣ አላውቅም ማለት ግን የሚያሳፍረው።

«ወንድሜ በቀቀን፣ ልጄን አላየህልኝም?»

«እንዴታ፣ ወንዙን ተሻግሯል» አላት፣ ከቅርንጫፉ ሳይወርድ።

ተሻግራ ፈለገችው፤ የለም። ተመልሳ ነገረችው።

«ልክ ነሽ እትዬ ሚዳቋ፣ ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ። ከኮረብታው ማዶ ነው።»

እዚያም የለም። አመሻሹ ላይ ጡቷ በወተት ተወጥሮ መጣችና ሣሩ መሃል ቆማ፣ «ልጄ፣ የት ነህ?» ብላ ተጣራች።

ግልገሉ እግሯ አጠገብ ነበር፤ ሰማት። ረሃብ አድክሞት ስለነበር ግን ድምፁ ከሣሩ በላይ አልወጣም። በቀቀኑ ደግሞ እናት ስትጣራ ዝም ማለት አልሆነለትም። በግልገሉ ድምፅ፣ «አቤት እማዬ፣ እዚህ ነኝ» አላት።

ቀኑን ሙሉ የናፈቀችው ድምፅ ነውና ወደ ዛፉ ሮጠች። እስከ ዛሬ እዚያው አንጋጣ ትጣራለች፤ እሱም አቤት ይላታል።

ተረቴም ሣሩ ውስጥ ቀረች።